የአውቶቡሳችንን ቱርቦ ምን ገደለው?

(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ሁላችሁም ስለምታውቁት ስለ ትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ነው። ባለፈው ዓመት ከሩቅ የሚመጡት ታናናሾቻችን ስንት ሳምንት በእግራቸው እንደ ተመላለሱ አትረሱትም። የአውቶቡሱ ቱርቦ ተበላሸ፤ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ተገዛ፤ አዲሱም ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ ፊተኛው ሆነ። ብዙ ሰው «ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው» አለ። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ከመምህራችን ጋራ ሆነን ከፈታነው በኋላ ግን አሳባችን ተለወጠ።

ለመሆኑ ቱርቦ ምንድር ነው? ናፍጣ በደንብ ይቃጠል ዘንድ ብዙ አየር ይሻል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ በከንቱ እንዳይሄድ አንዲት ባለክንፍ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለችው ሁለተኛይቱ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር እየሳበች በግፊት ወደ ሞተሩ ትሰዳለች። ይህን አሳብ የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል። ለደጋ አገር ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ፥ ይኸውም በ2,400 ሜትር ገደማ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነውና።

ያ ትንሽ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ብረት ብረትን ቢነካ ወዲያው ይፋጃል። ስለዚህ ዘንጉ በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ዘይት ከቀረበት አለቀለት።

ምርመራው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚጀመረው። የአየሩን ጎማ ቱቦ አውልቀን መዘውሯን አየናት፤ ክንፎቿ ተፋግተዋል። በጣት ስናዞራት ቤቷን ትነካለች። ዘንጉን ወደ ጎን ስንነቀንቀው ጥቂት መላወሱ ደንብ ነው፤ የዘይቱ ስፍራ ነውና። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋ ግን መላወሱ በጣት ሊታወቅ አይገባም፤ የእኛው ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይንኳኳ ነበር። (ጢሱም ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል፥ ፊልትሮውንና የቱቦውን ማሰሪያ ተመልከቱ።)

ነገሩ የተገለጠልን ግን ዘይት የሚያመጣውን ቀጭን ቧንቧ ስንፈታ ነው። ውስጡ በከሰል ተደፍኖ ቀጭን ሽቦ እንኳ በግድ ያልፍ ነበር። ፊተኛው ቱርቦ ሲለወጥ ቧንቧውን ማንም አላየውም፤ አዲሱም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በዘይት ጥማት ኖረ።

ከሰሉ ከየት መጣ? አውቶቡሱ ዳገቱን በሙሉ ኃይል ወጥቶ ከበሩ እንደ ደረሰ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ያን ጊዜ ዘይቱ መዘዋወሩን ያቆማል፤ የጋለው ብረት ግን በቆመው ዘይት ላይ ይቀራል፤ ያም ያርረዋል። «ጋሼ፥ ሞተሩን ያጥፉልን፥ ድምፁ ይረብሸናል!» እያልን በመስኮት የምንጮኸው ደግሞ እኛው፥ ከበሩ አጠገብ የምንማረው ነበርን። ይህን ለወላጆች መናገር ቀላል አይደለም።

ቧንቧውን ማጠብ አልበቃንም፤ በአዲስ ለወጥነው። ዘይቱንና የዘይቱን ፊልትሮ ቀየርን። ሌላ ቱርቦ ሲገጠም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አፈሰስንበት፤ ከዚያም ናፍጣው ተዘግቶ፥ የዘይቱ ግፊት እስኪታይ ድረስ ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው።

አሁን አውቶቡሱ ከበሩ ከደረሰ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል በዝቅተኛ ዙር ይቆያል። በነዚያ ሦስት ደቂቃዎች የጂኦግራፊ መምህራችን ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኛም ዝም ብለን እንሰማለን። የተበላሹት ሁለቱ ቱርቦዎችና ያ ቧንቧ በጓሮው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ማየት የምትወድዱ ኑ፥ ግን ጣታችሁን ከክንፎቹ ስለት ጠብቁ።