ባልንጀራዬ ማነው?
(በተማሪዎች አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ክርስቲያን ለዓለም ያለበት የአገልግሎት ግዴታ» የሚል ነው። ዓለም ሰፊ ስለ ሆነች እኔ አንዲት ከተማ መርጫለሁ። እርሷም ከጅጅጋ ወደ ሰሜን፣ በሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ የምትገኘው፣ ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል የነበረችው አውበሬ ናት።

ጌታችን «ባልንጀራዬ ማነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ስለ ደጉ ሳምራዊ ተናገረ። እኛም ምሳሌውን ስንሰማ ራሳችንን በሳምራዊው ቦታ እናስቀምጣለን። የአውበሬን ታሪክ ያጠና ሰው ግን በዚያ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት ከዚህ አገር ብዙ ሕዝብ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ደግሞ ስደቱ ተገላበጠ፤ ሕዝቡ ወደ ሐርትሼክና ወደ አካባቢው ጎረፈ። የሐርትሼክ ሰፈር በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ለሸሹ ሰዎች በአውበሬ ሰፈር ተከፈተ። ለነዚህ ሰዎች ጥቂቱን ውሃ፣ ማገዶውንና ግጦሹን የሚያካፍለው ሙስሊሙ የአውበሬ ሰው ነው። ሳምራዊው እርሱ ነው።

እንግዲህ ለክርስቲያኑ ምን ቀረለት? አብያተ ክርስቲያናቱ ሥራውን ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1964 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽኗን አቋቋመች። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ መርዳት እንደማይገባ ለውጭ ረጂዎች ጻፈች። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ጊዜም የክርስቲያን ድርጅቶች በአንድ ማኅበር ተሰበሰቡ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ካልሰበክን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በምን እንለያለን?» ይላሉ። ስብከት ይቅር አልልም። ነገር ግን እህልን የስብከት መደለያ ማድረግ የተራበውን መናቅ ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀም። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ተሰደው በመጡ ጊዜ የተቀበላቸው የአክሱም ንጉሥም ክርስቲያን ነበር፤ ለማስጠጋቱ ዋጋ እምነታቸውን አላስለወጣቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው ዓመት ልብስ ሰብስበን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሰበሰብነው የሚበዛው እኛ ራሳችን የማንለብሰው ነበር። ይህ ቁም ሣጥን ማጽዳት እንጂ አገልግሎት አይባልም።

በ1950ዎቹ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። እኛን ማንም አያስገድደንም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛው የትምህርትና የሥራ በር ከፍቷል፤ በሩ የሚያገለግለው ግን መምህር፣ የውሃ መሐንዲስና ነርስ ሲገኝ ነው። እነርሱም ስደተኛውን ብቻ ሳይሆን ያስጠጋውን የአገሬውን ሰው ጭምር ማገልገል አለባቸው፤ አለዚያ ርዳታው ጎረቤታሞችን ያቃቅራል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከመካከላችን ፈቃደኛ የሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ ሶማልኛ ይማር፤ ሲመረቅም አንድ ዓመት እዚያ ይሥራ። መዝገቡ በበሩ አጠገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ።