ሕይወትንም ድምፅንም ለማትረፍ
በሕክምና ተማሪዎች ስም ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ከባድ ጥያቄ ጥቂት ቃል ለመናገር ነው። ማንቁርቱን ነቀርሳ፥ ማለት ካንሰር፥ የያዘው ሰው ሕይወቱን ለማዳን የግድ ድምፁን ማጣት አለበትን?

ቀድሞ በሽታው ከገፋ መልሱ ባመዛኙ «አዎን» ነበር። ሐኪሙ ማንቁርቱን በሙሉ ቈርጦ ያወጣል፤ በሽተኛውም ከዚያ ወዲያ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነው። መምህር ወይም ቀዳሽ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ታተመ። 332 በሽተኞች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ቀዶ ሕክምናና ጨረር፥ ሁለተኛው በመጀመሪያ ኬሞቴራፒ ከዚያም ጨረር ተሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶው 68 በሕይወት ነበሩ፤ በሁለተኛው ወገን ግን ከመቶው 64 ማንቁርታቸው ተረፈላቸው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ቅደም ተከተሉን መረመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቁርታቸው የተረፈላቸው፥ ጨረር ብቻ ካገኙት ከመቶው 70፥ መድኃኒቱ ከቀደመላቸው 75፥ ሁለቱን ባንድነት ካገኙት 88 ሆኑ። በሕይወት በመቈየት ግን ሦስቱ ያን ጊዜ አልተለያዩም።

ባንድነት መስጠቱ ለምን በለጠ? ጨረሩ የነቀርሳውን ሕዋስ ዲኤንኤ ይሰብራል፤ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ሕዋሱ ስብራቱን እንዳይጠግን ያግደዋል።

ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አይደለም። ሕክምናው ሰባት ሳምንት ያህል ይፈጃል። አፍና ጕሮሮ ይቈስላል፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ ጭንቅ ይሆናል። መድኃኒቱ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጐዳ ይችላል። ነቀርሳው የማንቁርቱን ግድግዳ ሰብሮ ከወጣ ዛሬም የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ነው። ስለዚህ ውሳኔው ለሐኪሙ ብቻ የሚተው አይደለም፤ በሽተኛው ሁሉን ሰምቶ ይምረጥ እንላለን።

ሌላም ነገር አለ። ጨረሩ መካከል ላይ ከተቋረጠ ነቀርሳው እንደገና ይበዛል። በአገራችን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ይህ ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሩቅ አገር ለሚመጣ ሰው የሰባት ሳምንት ማደሪያና ቀለብ ማግኘትም የሕክምናው ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ ወገን ካላችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በጊዜ የተደረሰበት በሽታ ብዙውን ጊዜ በአንዱ ሕክምና ብቻ ይድናልና። ሲጋራ የያዛችሁም ዛሬውኑ ጣሉት።