ሩሯ ከወደቀችበት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ፣ ከሙያችን ጋር ስለሚዛመድ ጨዋታ ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

በአገሬ በሰላ ድንጋይ፣ እንደ ሌላው ደጋ ሁሉ፣ በልደት በዓል ገና ሲጫወቱ የተደለደለ ሜዳ አይፈለግም። ሩሯ ከቋጥኝ ሥር ትሸጎጣለች፤ የከብት ኮቴ ባጎደጎደው ትገባለች። አንሥቶ ወደ ተመቸ ስፍራ ማኖር የለም፤ የምትለጋው ከወደቀችበት ነው። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች ዱላውን አግድም መወንጨፉን ትቶ፣ በቆልማማው ጫፍ በቀስታ ስቦ ካወጣት በኋላ ይለጋታል።

የጎልፍም መሠረቱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1744 በስኮትላንድ የተጻፈው ደንብ፣ ከጥርጉ ሜዳ ውጭ ለመምታት እንዲመች ብሎ ድንጋይ እንኳ ማንሣትን ከልክሏል። ከዚህ የተነሣ ልዩ ልዩ መላ ተፈጠረ። ኳሷ አሸዋ ውስጥ ስትገባ ተጫዋቹ የሚመታው እርሷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን አሸዋ ነው፤ አሸዋውም ተሸክሞ ያወጣታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በኦገስታ በተደረገው የማስተርስ ውድድር፣ የቡባ ዋትሰንን ቀጥተኛ መንገድ ዛፎች ዘግተውት ነበር። እርሱም ኳሷን በኃይል አሹሮ መታት። በሁለቱ ጎኖቿ የሚያልፈው አየር ፍጥነቱ ስለ ተለያየ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ከጉድጓዱ አቅራቢያም አረፈች፤ እርሱም አሸነፈ።

ሆኖም ምቱ ባይሳካ ዕዳው የዋትሰን ብቻ ነበር። በገና ሜዳ ግን ያለ ልክ የተወነጨፈ ዱላ የሚያርፈው በባልንጀራ ቅልጥም ላይ ነው። ጌታና ሎሌ ያለ ቂም የሚጋፉበት ጨዋታ ቢሆንም፣ የተሰበረ ቅልጥም በይቅርታ አይጠገንም።

እኛስ በየትኛው ሜዳ ላይ ነን? ገደሉን፣ ውሃ ያዘለውን አፈር፣ የበጀቱን ማነስ አልመረጥናቸውም፤ ሥራችን ከዚያው ይጀምራል። ያልተለመደ መላ መሻትም ግዴታችን ነው። ነገር ግን መላው ቢከሽፍ ዋጋውን የሚከፍለው በድልድዩ የሚሻገረው መንገደኛ ነው።

በጎልፍ ሕግ፣ ኳሷ ልትመታ አትችልም ብሎ የፈረደ ተጫዋች አንድ ምት ተቆጥሮበት ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውራታል። ይህ ሽንፈት አይባልም። እኛም የማያስተማምነውን መሥመር ትተን፣ ተጨማሪውን ወጪ በግልጽ አስመዝግበን፣ መንገዱን ማዞር የሚገባን ጊዜ አለ። መሐንዲስ ድፍረቱን የሚለካው በራሱ ክብር ሳይሆን በሌላው ሰው ቅልጥም ነው።