«ድኗል» ከተባለ በኋላ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ የጨረስሁ ጡረተኛ ነኝ። ዛሬ የምናገረው በገዛ ደረቴ ስለማውቀው ነገር ነው።

በ2010 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ 6 ወር ሙሉ መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳላጓድል ዋጥሁ። በመጨረሻም አክታዬ ተመርምሮ ድነሃል ተባልሁ። እውነትም ድኛለሁ። ትንፋሼ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለችውን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ አርፋለሁ።

አምና አንድ ቀብር ላይ የድንኳን ብረት ተሸክሜ ጥቂት እንደሄድሁ ትንፋሽ አጠረኝና መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አንድ ወንድማችን «ድኗል አልተባለም እንዴ? ሥራ ሽሽት ነው» አለ። አልፈርድበትም፤ ከላይ ሲያዩኝ እኮ ደህና ነኝ። ያ ቃል ግን ከብረቱ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ መቅጫ እየከፈልሁ ቤቴ መቅረት ጀመርሁ።

ነገሩን ሐኪም ብጠይቅ እንዲህ ሲል አስረዳኝ። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ይገድላል እንጂ የተጎዳውን ሳንባ አይተካም። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ በዚያ በኩል አየር እንደ ልብ አይገባም። ይህ በሁሉም ላይ አይደርስም፤ ሕክምናው በዘገየ መጠን ግን ጉዳቱ ይብሳል። ሲጋራና የማገዶ ጭስ ያባብሱታል፤ በየቀኑ እንደ አቅም መራመድ ይረዳል። ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ከታየ ወይም ሰውነት ከከሳ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ መመርመር ነው። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

ስኒ ለይተው ቡና የሚያቀርቡልኝም አሉ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል ነው፤ በስኒ አይተላለፍም። የዳነ ሰውማ ምኑን ያስተላልፋል?

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የሐኪም ወረቀት ያመጣ አባል ከሸክምና ከቁፋሮ ተነሥቶ ስም ይቆጣጠር፣ ዕቃ ቆጥሮ ያስረክብ፤ መቅጫውም ይቅርለት። ምሕረት አልለመንሁም፤ ሥራ ነው የለመንሁ። እስክርቢቶ መያዝ ዛሬም አላቃተኝም። ዕድራችን ለሞተው እንደሚደርስ ሁሉ፣ በቁሙ ትንፋሽ ላጠረውም ይድረስለት።