ከዐይን የተሰወሩት የዲስክ ክፍሎች



የዛሬው ንግግራችን፥ በኮምፒውተር ላይ አዲስ ዲስክ ተገጥሞ ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ፥ ባለቤቱ ሳያዝ ተለይተው ስለሚቀመጡት ትንንሽ ክፍሎች ነው። ብዙ ሰው አያውቃቸውም፤ ባያቸውም ጊዜ ቦታ የሚያጣብቡ ትርፍ ነገሮች መስለውት ሊሰርዛቸው ይነሣል።

አስቀድመን አንድ ጥርጣሬ እናስወግድ። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 465 ያህል ሆኖ ሲታይ፥ ጉድለቱ የእነዚህ ክፍሎች ሥራ የሚመስለው አለ። ነገሩ ግን የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ፋብሪካው አንዱን ጊጋባይት 1,000,000,000 ባይት ሲል፥ ዊንዶውስ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥረዋል። ዊንዶውስ የሚለያቸው ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ተደምረው ከአንድ ጊጋባይት አያልፉም።

በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ እነዚህ ክፍሎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ኢ.ኤፍ.አይ. የሚባለው፥ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት የሚሆነው ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሡት ፋይሎች በዚህ ይገኛሉ። ሁለተኛው፥ ፋይል የማይቀመጥበት፥ ለዲስኩ አስተዳደር ብቻ የተጠበቀ 16 ሜጋባይት ስፍራ ነው። ሦስተኛው ሪከቨሪ ይባላል፤ ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚጠገንባቸውን መሣሪያዎች የያዘ ነው። የዚህ ክፍል ስፋት ቀላል ነገር እንዳይደለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2024 ታይቷል። ያን ጊዜ ለዊንዶውስ 10 የወጣው የደኅንነት ማሻሻያ ይህ ክፍል በጠበበባቸው ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን በማለቱ፥ ማይክሮሶፍት ክፍሉ በ250 ሜጋባይት እንዲሰፋ መመሪያ ሰጥቶ ነበር።

የመሥሪያ ቤት የዘበኛ ክፍል ጠባብ ነው፤ ባለጉዳይም አይገባበትም። ነገር ግን ቁልፉ የሚቀመጠው በዚያ ስለ ሆነ፥ ትርፍ ነው ተብሎ ቢፈርስ፥ በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። የኢ.ኤፍ.አይ. ክፍልም እንደዚሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው አሮጌው ዲስክ ሳይነቀል በአዲሱ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ነው። የሚጭነው ፕሮግራም በአሮጌው ላይ የማስነሻ ክፍል ካገኘ፥ በአዲሱ ላይ ሌላ ሳያዘጋጅ በዚያው ሊጠቀም ይችላል። ሥራው የተፈጸመ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩም ያለ እንከን ይሠራል። ከወራት በኋላ አሮጌው ሲነቀል ወይም ሲጸዳ ግን፥ አዲሱ ብቻውን መነሣት ይሳነዋል። በውስጡ ያሉት ደብዳቤዎችና የሒሳብ ሰነዶች አልጠፉም፤ ባለሙያ ተፈልጎ የማስነሻው ክፍል እንደገና እስኪሠራ ድረስ ግን ሥራው ይቆማል።

ስለዚህ አዲስ ዲስክ የምታስገጥሙ ሁሉ፥ በመጀመሪያ ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጡ። ቀጥሎም ዊንዶውስ ተጭኖ እስኪያልቅ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ እንዲቆይ አድርጉ። አዲሱን ዲስክ አስቀድማችሁ ሳትከፋፍሉ ባዶውን ብትተዉት፥ ፕሮግራሙ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች በየስፍራቸው ያበጃል። ከዚያም በኋላ ስሙን የማታውቁት ትንሽ ክፍል ብታገኙ፥ ሥራውን ሳትጠይቁ አትሰርዙት። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ማለታቸው ለዚህም ይሠራልና።