ማርሽ ሲገባ የሚጠፋው ሞተር ብስክሌት

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለልማት ሠራተኞች በተሰጠ የንብረት አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ንብረት አያያዝ ነው። ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት ይልቅ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በአንድ ብልሽት ላይ ላተኩር ወደድሁ፤ ይኸውም በፎሌ ሳለ ደህና የሚሠራ፣ ማርሽ ሲገባለት ግን የሚጠፋ ሞተር ብስክሌት ነው።

በአንድ ደብር ያየሁትን ላስቀድም። ለችግኝ ጣቢያና ለምንጮች መከታተያ የተመደበው ሞተር ብስክሌት ሦስት ወር ሙሉ በዕቃ ቤት ጥግ ቆሞ ነበር። መካኒኩ «ሞተሩ ይከፈት» ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ጠየቀ፤ ጉባኤው ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ሲመክር ሠራተኛው ከምንጭ ወደ ምንጭ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ስንመረምረው ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም። በጎን መቆሚያው ሥር ባለችው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የክረምት ጭቃ ደርቆባት ኖሯል። በውኃና በብሩሽ ጸዳች፤ ብስክሌቱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስለዚህ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት የሞተሩ አጠፋፍ ይታይ። አጠፋፉም ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛ፤ ማርሹ እንደ ገባ ሞተሩ ሳይንገራገጭ፣ በቁልፍ እንደ ተዘጋ ድርግም ካለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች የጎን መቆሚያው ሳይታጠፍ ማርሽ ከገባ እንዲጠፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መቆሚያው እስከ መጨረሻው መታጠፉን፣ ሞላው አለመላላቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያዋ ንጹሕ መሆኗን፣ ሽቦዋም ተፍቆ አለመቆረጡን ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ብስክሌቱ ወደ ፊት ዘለል ብሎና ተንገራግጮ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ማስገባት፣ የፍሪሲዮኑን እጀታ እስከ መጨረሻው ጨብጦ ብስክሌቱን መግፋት። የኋላው ጎማ አልዞርም ካለ ወይም እጅግ ከከበደ ገመዱ ይታይ። የእጀታው ጫፍ ገመዱ ሳይወጠር በነጻ የሚንቀሳቀሰው ርቀት በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ ገመዱ ላልቷልና ይስተካከል። ክሩ መበጣጠስ የጀመረ ገመድ ደግሞ መንገድ ላይ ሳይበጠስ ይቀየር። ብስክሌቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነዳ ከቆመ የፍሪሲዮኑ ዲስኮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የሞተር ዘይቱ የአምራቹ መመሪያ ከሚያዝዘው የወፈረ ከሆነም፣ በተለይ በብርድ ማለዳ፣ አልላቀቅ ይላሉ።

ሦስተኛ፤ ማርሹን ከተቀበለ በኋላ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ እየደከመ ከጠፋ ሚኒሞው ዝቅ ብሏል፣ ሞተሩ ገና አልሞቀም፣ ወይም ነዳጅ በበቂ አይደርሰውም። በተለይ ካርቡሬተር ባለው ሞተር የቆየ ቤንዚን የሚተወው ዝቃጭ ጠባቧን የነዳጅ መተላለፊያ ይደፍናል። እንዲህ ሲሆን ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ይጸዳል እንጂ ሞተር አይከፈትም።

አባቶቼ፤ ከሁሉ አብልጬ የማሳስባችሁ ይህን ነው። የመቆሚያው ማብሪያ ማጥፊያ ሲያስቸግር አንዳንድ ሰው ሽቦዎቹን ቆርጦ በማገናኘት ይገላገላል። ሞተሩ በእርግጥ ይነሣል፤ ጠባቂው ግን ተወግዷል። ከዚያ በኋላ መቆሚያውን ማጠፍ የዘነጋ ነጂ ወደ ግራ ሲታጠፍ ብረቱ መሬት ይነክሳል፤ ብስክሌቱንም ይገለብጠዋል። እንዲህ ባለ አኳኋን እግሩ የተሰበረ ወጣት የልማት ሠራተኛ አይቻለሁ። የቆጠብነው የመለዋወጫ ዋጋ ሲሆን ያጣነው የአንድን ቤተሰብ ዳቦ አምጪ ጤና ነበር። ሽቦ ተቆርጦ የተገናኘበት ብስክሌት በእጃችሁ ካለ ማብሪያ ማጥፊያው ተተክቶ እስኪስተካከል ድረስ ማንም አይንዳው።

እናንተ መካኒክ እንድትሆኑ አይጠበቅም። ነገር ግን የጥገና ክፍያ ለማጽደቅ ስትቀመጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ሞተሩ የጠፋው እንዴት ነው? ብስክሌቱ ፍሪሲዮን ተይዞ ሲገፋ ጎማው ይዞራልን? መቆሚያው፣ ገመዱና ዘይቱ ታይተዋልን? መልሱ በብስክሌቱ መዝገብ ከነቀኑ ይጻፍ። መዝገብ ከሌለ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይመደብ።

ይህ ንብረት ምእመናን ከጉድለታቸው ቀንሰው ከሰጡት የተገዛ ነው። አንድ ቀን በከንቱ ሲቆም ያልተጎበኘ ምንጭ፣ ውኃ ያልጠጣ ችግኝ አለ። በችኮላ ሲጠገን ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። በማስተዋል የተያዘ ንብረት ግን ለሰጪውም ለተቀባዩም በረከት ይሆናል።

እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።