ጠላፊው ሲፈቀር፦ «የጨለማ ፍቅር» ልብወለድ ይጎዳል?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ የለመዳችሁት የቁጠባ ሒሳብ ሪፖርት ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ልብወለድ እናገራለሁ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «ልጄ በስልኳ የምታነበው የፍቅር ታሪክ አስፈራኝ፤ ስልኩን ልቀማት ወይ?» ብለው ጠይቀው መልስ ሳንሰጣቸው ተለያየን። ከፈላና በር እስከ ቡዳ በር ይህ የብዙ እናቶች ጥያቄ ይመስለኛል።

እኚህ እናት ያዩት ዓይነት ታሪክ በውጭው ዓለም «ዳርክ ሮማንስ» ይባላል፤ እኛ የጨለማ ፍቅር እንበለው። ወንዱ ያሳድዳል፣ ያግታል፣ ያስገድዳል፤ በመጨረሻ ሴቲቱ ትወደዋለች። ከታወቁት አንዱ ፖላንዳዊቷ ብላንካ ሊፒንስካ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው «365 ቀናት» ነው። የማፊያ አለቃ አንዲትን ሴት አግቶ እንድትወደው አንድ ዓመት ይሰጣታል፤ እሷም ትወደዋለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ፊልሙ በኔትፍሊክስ ሲታይ፣ ራሷ ታግታና ተደፍራ የነበረችው የዌልስ ዘፋኝ ዳፊ ለድርጅቱ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ ጽፋ ተቃወመች።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አማርኛው ጠለፋ፣ በዙሪያችን የሚነገረው ኦሮምኛ ደግሞ ቡቲ ይለዋል። ልጅቷ ከመንገድ ትወሰዳለች፣ ትደፈራለች። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፤ «ወዷት እኮ ነው» ይባላል፤ ነገሩ በጋብቻ ይሸፈናል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሳይቀር ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራሷን በመከላከል ነጻ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው። በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ መጋባታቸውም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ታዲያ መጽሐፉ ጥፋተኛ ነው? ለመፍረድ አንቸኩል። ጃኒስ ራድዌይ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ጥናት የፍቅር ልብወለድ የሚያነቡ ሴቶችን አነጋግራ ነበር። ንባቡ ከባልና ከልጅ አገልግሎት ወጥተው ለራሳቸው የሚሰጡት ጊዜ መሆኑን ነገሯት፤ ጭካኔ የበዛበትን መጽሐፍም ብዙዎቹ አይወዱትም ነበር። አዋቂ ሴት የምታነበውን ትመርጣለች። ፍርሃቱ ሲበዛባትም መጽሐፉን ትከድነዋለች። የተጠለፈች ልጅ ግን የምትከድነው ነገር የላትም።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የሚታየኝ ልዩነት ይህ ነው። በልብወለዱ ሒሳቡ አስቀድሞ ተዘግቷል፤ ጨካኙ ሰው በመጨረሻ ገጽ እንደሚለሰልስ ደራሲዋ ለአንባቢዋ ዋስ ሆናለች። በሕይወት እንዲህ ያለ ዋስ የለም። ደግሞም መጽሐፉ የሚመዘግበው የእሱን ፍቅር ብቻ ነው፤ የተቋረጠው ትምህርት፣ ያለ ዕድሜ የመጣው እርግዝና፣ የጠፋው ጤና በየትኛውም ዓምድ አይገባም።

ስለዚህ ጉዳቱ የሚመጣው መጽሐፉ ብቻውን ሲያስተምር ነው። ስለ ፍቅር ማንም ያላነጋገራት ልጅ ቅናትንና ማሳደድን የፍቅር ምልክት አድርጋ ትይዛለች። ከቤት ስትወጣ ደግሞ «ወዷት እኮ ነው» የሚለው የሰፈር ድምፅ ይጠብቃታል። መጽሐፉና ሰፈሩ አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ሌላውን ቃል ከማን ትስማ?

እናታችን፣ ስልኩን አይቀሟት። ከቀሟት ተደብቃ ታነባለች፤ ነገ እውነተኛ አሳዳጅ ሲገጥማትም ለእርስዎ አትነግርም። ይልቅ አብረዋት ይቀመጡና ሦስት ጥያቄ ይጠይቋት፦ እሷ እምቢ ስትል ምን ሆነ? እሱ ባይለወጥ ኖሮ ማን ይደርስላት ነበር? ትምህርቷና ገንዘቧስ በማን እጅ ቀረ?

ለማኅበራችንም ሐሳብ አለኝ። አፎቻ ለሠርግና ለለቅሶ እንደሚያሰባስበን ሁሉ፣ ከቁጠባ ስብሰባችን በኋላ ግማሽ ሰዓት እናቶችና ልጆች አብረን የምናነብበት እናድርገው። ወጪው ጥቂት መጻሕፍትና አንድ ጀበና ቡና ነው። ደጋፊዎቻችን መጻሕፍቱን ቢያግዙን ደስ ይለናል።

በእውነት የተጠለፈች ልጅ ብትኖር ግን ጉዳዩ የንባብ አይደለም። ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ወደ ፖሊስ እንሂድ፤ ልጅቷም ሳትዘገይ ሐኪም ይያት። «ወዷት ነው» የሚል ካለ ደግሞ «እሷስ?» ብለን እንጠይቀው።